ቤት ውስጥ የሚዘንብበት ፊልም

በዚያ ፊልም ውስጥ ዝናቡ አያባራም ነበር። መንገድ ላይ መዝነቡስ ደግ፤ እዚያ ከተማ ግን ቤት ውስጥም ይዘንባል። የግል መርማሪው ቢሮው ውስጥ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ሲያስብ ቀጫጭን ነጫጭ ዝናብ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ይወርድበታል፤ እሱ ግን ቅንድቡን እንኳ አያነሳም። ፊቷን በመረብ የሸፈነችው ሴትዮ ገብታ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥም ይዘንብባታል፤ መረቧ ግን አይረጥብም። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰውዬው ቤት ውስጥ ባርኔጣውን የማያወልቅበት ምክንያት ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ለእኔ ብቻ የገባኝ ይመስለኝ ነበር። ጣሪያው እያፈሰሰ ማን ባርኔጣ ያወልቃል?

ዝናቡ ጭረት ነበር። ፊልሙ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ስንት አገር ዞሮ፣ በስንት ማሽን ጥርስ ውስጥ አልፎ፣ ገላው ሁሉ ተጫጭሮ ነው የመጣው። ይህን ካወቅኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ጭረት የሌለበት ጥቁርና ነጭ ፊልም ሳይ አንድ ነገር የረሱ ይመስለኛል።

አባቴ የሲኒማ ቤቱ ፊልም አጫዋች ነበር። ከሰገነቱ የመጨረሻ ረድፍ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛው የፊልም ጥቅሉን ሲጨርስ ሌላኛው ይቀበለዋል፣ አባዬ ደግሞ በመሃላቸው ሲመላለስ ይውላል። ክፍሏ የጋለ ብረትና የማሽን ዘይት ትሸታለች። አንደኛዋን ማሽን “አሮጊቷ”፣ ሁለተኛዋን “ሙሽራዋ” ይላቸዋል፤ ሁለቱም ግን እኩል አሮጌ ነበሩ። “ዛሬ ሙሽራዋ አኩርፋለች” ይለኛል ጎኗን መታ መታ እያደረገ። ፊልሙን ሲያስገባ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ ጠርዙን በጣቶቹ እየዳበሰ፣ የማሽኑ ጥርሶች ላይ አንድ በአንድ ያስቀምጠዋል። እኔም ትምህርት ቤት ስሄድ “የእኔ አባት እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው” እያልኩ እፎክርበት ነበር።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ባሏ ጠፍቶባታል፤ መርማሪውን ፈልግልኝ ብላ ትለምነዋለች። እሱም ካፖርቱን ደርቦ፣ ሲጋራውን ለኩሶ፣ በየደረጃው እየወጣ በየበሩ ያንኳኳል። በር የሚከፍቱለት ሰዎች ሁሉ የውሸታም ፊት አላቸው። አንድ ምሽት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የሴትዮዋን ቤት ሲመለከት፣ እሷ ወደ መስኮቱ ትመጣና የመጋረጃውን ገመድ ትስባለች። መጋረጃው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። በማግስቱ ባልየው ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ሞቶ ይገኛል። መርማሪው አስከሬኑን አይቶ ቀና ይላል፤ ከዚያ ሆኖ ያ መስኮት ይታየዋል። ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ እኔም እዚህ ላይ ትከሻዬን መታ ተደርጌ እወጣለሁ።

ትከሻዬን የሚመታው ባለ ባትሪው ነው። ዘግይተው ለሚመጡ ሰዎች በጨለማ ውስጥ በባትሪ ወንበር የሚያሳየው እሱ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ የማይሰማ ሰው። “በይ ወደ ቤት፤ የመጨረሻው ጥቅል ለልጅ አይሆንም ብሏል አባትሽ” ይለኛል በሹክሹክታ። ስለዚህ መጨረሻውን አላውቀውም ነበር። ሌላውንም ቢሆን በሙሉ አውቀዋለሁ ማለት ይከብዳል፤ ከምስሉ ሥር የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ እኔ ግማሹ ላይ ስደርስ ይጠፋል። “ባለቤትዎ ያን ምሽት...” እላለሁ፣ ይጠፋል። “እኔን የሚያምኑኝ ከሆነ...” እላለሁ፣ ይጠፋል። የቀረውን እኔው እሞላዋለሁ፤ መሙላት ደግሞ አይቸግረኝም ነበር።

እማዬ ሲኒማ አትወድም። “ከፍሎ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ምን የሚሉት ነገር ነው” ትላለች። ቤት ቁጭ ብላ ለአንድ ልብስ ሰፊ የቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋለች፤ የሸሚዝ፣ የኮት፣ የተማሪ ደንብ ልብስ። ክሩ እንዳይበጠስባት በሰም ታሸዋለች። ከሰዓት በኋላ የጨረሰችውን በጨርቅ ጠቅልላ “ልብስ ሰፊው ጋ ደርሼ እመጣለሁ” ብላ ትወጣና ሲመሻሽ ከአባዬ ጋር ትመለሳለች። መንገድ ላይ ተገናኝተን ነው ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትልቅ ጎፈሬ ያለው ሰውዬ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከመርማሪው የሚታየኝ የባርኔጣው ጫፍ ብቻ ሆነ። ሰገነቱ በዚያ ሰዓት ዝግ ነው፤ ደረጃው ላይ ገመድ ይታሰርበታል። በገመዱ ሥር ሾልኬ ወጣሁ። ላይ ስደርስ የማሽኑ ብርሃን ከጭንቅላቴ በላይ ተዘርግቶ፣ አቧራው ውስጡ ቀስ እያለ ይዋኛል። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። የማሽኑ ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ ይንሾካሾካል፤ እንቅልፍም ህልምም ያልሆነ ነገር ያዘኝ፣ በዳበሳ መሄድ ጀመርኩ።

በመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሻርፕ ተከናንባ፣ የካፖርቷን ኮሌታ ቀና አድርጋ። ሴትዮዋ ከፊልሙ ወርዳ እዚያ የተቀመጠች ነው የመሰለኝ። ከዚያ አውራ ጣቷንና ጠቋሚ ጣቷን አንዴ አፋተገቻቸው፤ መርፌ ከመያዟ በፊት ሁልጊዜ እንደምታደርገው። እማዬ ነበረች።

ከወንበሮቹ መሃል ቁጢጥ አልኩ። በሌላኛው እጇ አንድ ቀጭን ነገር ይዛለች፤ ብርሃኑ ሲነካው አየሁት። ጥቁር ክር ነው። ከእጇ ተነስቶ ግድግዳውን ይዞ ይወጣና በማሽኑ ክፍል ትንሽ ቀዳዳ ይገባል። አንዴ ሳበችው። ጠበቀች። አንዴ ሳበችው። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ሳበችውና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ፊት ለፊት፣ ሸራው ላይ፣ ያቺ ሴትዮ የመጋረጃውን ገመድ ልትስብ ወደ መስኮቱ እየመጣች ነበር።

አባዬ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይደለም ማለት ነው። ከአሮጊቷና ከሙሽራዋ ኋላ አንድ ሰው ተደብቋል፤ እማዬ ምልክት እየሰጠችው ነው፤ አንድ ቀን ምልክቱን ሲቀበል አባዬ ደረጃው ሥር ይገኛል። የሚወድቅ ነገር ድምፅ እስኪሰማኝ ጠበቅኩ።

ኋላ ላይ እንዳወቅኩት ግን ከማሽኖቹ ኋላ ማንም አልነበረም። የክሩ ጫፍ የታሰረው የአባዬ ግራ እጅ አንጓ ላይ ነበር። ያን ዓመት የአባዬ ዓይን ከመሃሉ ጀምሮ እየጠፋ ነበር፤ ዳር ዳሩን ያያል፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ግን ጭስ ይሸፍንበታል። ፊልም ማስገባቱን ጣቶቹ ያውቁታል፣ ጥቅል የሚቀየርበትን ቦታ ጆሮው ያውቀዋል፤ ምስሉ መጥራት አለመጥራቱን ግን ከዓይን በቀር የሚያውቅ የለም፣ ምስሉ ደግሞ ማሽኑ ሲግልና ጥቅል ሲቀየር ይደበዝዛል። አንድ መሳብ “ደብዝዟል፣ አዙረው” ነው፤ ሁለት መሳብ “ጠርቷል፣ ተወው።” የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ይህን ቢያውቅ አባዬ በዚያው ቀን ይሰናበታል፤ ሌላ የሚያውቀው ሥራ ደግሞ አልነበረውም፣ በቁልፍ ቀዳዳም ሦስት ሰው አይኖርም። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከሰዎቹ ፊት ይልቅ ዓይኗን የምትተክለው ከሥር በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ነበር። ፊት ሲደበዝዝ ሰው ያሞኛል፣ ፊደል ግን ወዲያው ያሳብቃል አለችኝ ካደግኩ በኋላ። ያን ሁሉ ከሰዓት በኋላ የማታነበውን ጽሑፍ ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

እኔ ግን መርማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። የዝናብ ልብሴን ኮሌታ ቀና አድርጌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእማዬ ኋላ ኋላ እየተከተልኩ በየምሰሶው እደበቅ ጀመር። ላብ ብቻ ነበር ትርፉ። እማዬ ልብስ ሰፊው ጋ በእርግጥ ትገባለች፤ ግን ጨርቁን ሰጥታ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ትወጣና በሲኒማ ቤቱ የጎን በር ትሰወራለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ፊልሙ ላይ መርማሪው ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

እራት ላይ አባዬ እጁን ወደ ሳህኑ ሲዘረጋ እጅጌው ከፍ አለ። ግራ አንጓው ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ዞሯል።

“አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ሙሽራዋ ናት፣ ነከሰችኝ” አለ እየሳቀ።

እማዬ አልሳቀችም። ብድግ ብላ ቅባት አመጣችና አንጓውን ታሸው ጀመር፤ በጣም ቀስ ብላ፣ ሁለቱንም ጎን። ዓይኗን ቀና አላደረገችም። እኔ ደግሞ ቀና አለማድረጓን ያዝኩባት፤ ጥፋተኛ ዓይኑን ይሰብራል። ዛሬ እነዚያን ጣቶች ሳስታውሳቸው ያን ያህል ቀስ ብሎ የሰው እጅ የነካ ሰው አይቼ አላውቅም።

የሲኒማ ቤቱን ባለቤት ሠራተኞቹ በሌለበት “ሽቶው” ይሉታል፤ ከእሱ በፊት ሽቶው ስለሚደርስ። አንድ ቀን እማዬን ስከተል በጎን በሩ አጠገብ ከባለ ባትሪው ጋር ቆማ አገኘኋት። ከተደረደሩ የለስላሳ ሣጥኖች ኋላ ተደበቅኩ።

“ነገ ራሱ ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው አሉ” አለች እማዬ።

“ብቻውንም አይደለም፤ ማሽን ያውቃል የተባለ ጎረምሳ ይዞ ነው የሚመጣው” አለ ባለ ባትሪው። “ሰው፣ ፊልሙ እየደጋገመ ይደበዝዛል ብሎ ነግሮታል።”

“እሱ እንዳይሰማ አደራህን። ከሰማ እጁ ይንቀጠቀጥበታል።”

“እኔ ምን አፍ አለኝ። ብቻ ነገ አንዴ ከተሳሳታችሁ ሰውዬው አለቀለት።”

“እኔ እያለሁ ምንም አይሆንም” አለችው።

ከሣጥኖቹ ኋላ ሆኜ የሰማሁትን በእጄ ጨብጬ ቤት ገባሁ። ነገ ነው። ጎረምሳም አለበት። አባዬ ምንም እንዳይሰማ ተብሏል። ያን ማታ አባዬ ጫማውን ሲያወልቅ አጠገቡ ተቀምጬ ክንዱን ያዝኩት፤ “ምን ሆነሽ ነው ዛሬ እንዲህ የተጣበቅሽው?” አለኝ። “ምንም” አልኩት። ነገ ልትሞት ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል?

በማግስቱ እማዬ በትኩሳት ወደቀች። ጠዋት እየተንቀጠቀጠች ስትሰፋ ነበር፤ አባዬ ሥራ ከሄደ በኋላ መርፌው ከእጇ ወደቀ። ሰዓቱ ሲደርስ ሻርፗን አንስታ ተነሳች፣ እስከ በሩ ሄደች፣ መቃኑን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ደግፌ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት። ግንባሯ ያቃጥላል።

“ሩጪና ለባለ ባትሪው ‘አልቻለችም’ በይው” አለችኝ። “እሱ የሚያደርገውን ያውቃል። ለሌላ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።” ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ፊልሙ ላይም ሴትዮዋ ታለቅሳለች ብዬ አንጀቴን ልጨክን ሞከርኩ። አልሆነልኝም፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጭዋ አልብሻት ወጣሁ።

ሲኒማ ቤቱ ስደርስ የሽቶው ሽታ ከመግቢያው ጀምሮ ተቀበለኝ። ባለቤቱ አዳራሹ መሃል ተቀምጧል፤ አጠገቡ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ። ባለ ባትሪው ከኋላቸው ቆሟል። ጠጋ ልል ስል ባለቤቱ ዞር አለ፣ ባለ ባትሪውም በዓይኑ “ሂጂ” አለኝ። መብራቱ ጠፋ። የተላክሁትን ሳላደርስ በገመዱ ሥር ሾልኬ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ።

የእማዬ ወንበር ባዶ ነበር። ክሩ መደገፊያው ላይ ተጠምጥሞ ይጠብቃል፤ ጫፉ ላይ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለው። ሸራው ላይ ብርሃን መጣ። ከተማው የለም፣ መርማሪው የለም፤ ግራጫ ጉም ብቻ እየተንቀሳቀሰ ነው። አንድ ትልቅ ጥላ ገባ፣ አንድ ትንሽ ጥላ ተቀመጠ። ዝናቡ ራሱ ጠፋ። ከታች አንድ ሰው አፏጨ፤ ሌላው “ምንድን ነው ይሄ?” አለ። ባለቤቱ ሲጉረመረም ተሰማኝ።

ክሩን ያዝኩ። ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ከወዲያ ጫፍ ያለው ሰው ክሩን እየጠበቀ ነው። እኔ ከያዝኩለት እጁ ከእኔ ጋር ይውላል። እጁ ከእኔ ጋር ከዋለ አባዬን አይነካም። ቀለበቱን ጣቴ ላይ አጠለቅኩና አንዴ ሳብኩ።

ጉሙ ተነቃነቀ። ከውስጡ ባርኔጣ ወጣ፣ ከባርኔጣው ሥር ፊት፣ ከፊቱ ማዶ የሴትዮዋ መረብ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። ከዚያ አልፎ ሄዶ እንደገና ጉም ሆነ። አንዴ ሳብኩ። ተመለሰ። ጽሑፉ ከሥር ጥርት ብሎ ሲወጣ እንደ እማዬ ሁለቴ ሳብኩ። ምስሉ ቆመ፣ ዝናቡም መጣ። እጄን አየሁት፤ ያን ከተማ የያዘው የእኔ ጣት ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር እንደገና ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ክሩ ከወዲያ በኩል ተሳበ። አንዴ ብቻ፣ በቀስታ።

ነፍሰ ገዳዩ መለሰልኝ ማለት ነው። ልለቀውና ልሮጥ ፈልጌ ነበር፤ ግን ብለቀው እጁ ወደ አባዬ ይሄዳል። አልለቀቅኩም። ጥቅል ሲቀየርና ምስሉ ሲደበዝዝ እስባለሁ፣ ሲጠራ ሁለቴ እስባለሁ፤ እሱም ሁልጊዜ አንዴ ይመልስልኛል። መካከል ላይ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ያን ያህል ጊዜ አብሮ ክር የያዘ ሰው ክፉ አይመስልም፤ እንዲያውም አንዴ ያለ ምክንያት፣ መኖሩን ለማየት ብቻ ሳብኩና ምስሉን አደበዘዝኩት፤ ደንግጬ አስተካከልኩ። ነፍሰ ገዳዩን ወደድኩት። አባቴን ከአባቴ እጅ ለማዳን የአባቴን እጅ ይዤ ነው የዋልኩት።

ትከሻዬን የሚመታ ስላልነበረ የመጨረሻውን ጥቅል ያን ቀን አየሁት። መርማሪውና ሴትዮዋ ባቡር ጣቢያ ቆመዋል። ብዙ ያወራሉ፤ እኔ ግማሽ ግማሹን አነባለሁ። አንዷ ጽሑፍ ግን አጭር ስለነበረች ጨረስኳት፦ “ገመዱን የሳብሽው አንቺ ነሽ።” ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ወንዶች መጡ፤ አንደኛው የመኪናውን በር ከፈተላት። ከመግባቷ በፊት መረቡን ገለጥ አድርጋ መርማሪውን አየችው። መኪናው በዝናቡ ውስጥ ሄደ። መርማሪው ብቻውን ቀረ፣ ፊልሙም አለቀ።

መብራቱ ሲበራ ከታች የባለቤቱ ድምፅ ተሰማ። “ታዲያ ምኑ ነው የደበዘዘው?”

“መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነበር” አለ ጎረምሳው።

“መጀመሪያ ላይማ ማንም ዓይኑን ያሻል። ሰው ደግሞ ካወራ አይጠግብም” አለና ተነሳ። ሽቶው ከኋላው ተጎተተ። ባለ ባትሪው አዳራሹ መሃል ቆሞ ወደ ሰገነቱ ሲያንጋጥጥ አየሁት፤ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ነፍሰ ገዳዩን ለማየት ሄድኩ። የማሽኑ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል በርቷል። ከማሽኖቹ ኋላ ማንም የለም። አባዬ አሮጊቷን ተደግፎ ቆሞ፣ የላብ ዶቃ ግንባሩ ላይ እየወረደ፣ ከግራ አንጓው ክር እየፈታ ነበር። ኮቴዬን ሰምቶ ዞረና በቀጥታ አየኝ።

“መጣሽ እመቤት?” አለኝ። እመቤት የሚለው እማዬን ነው፣ ያውም ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ። “እንዴት አድርገሽ ነው ዛሬ የሳብሽው? እጅሽ ቀለለኝ፤ አሞሽ እንደሆነ ብዬ ልቤ ሲመታ ዋለ።”

መብራቱ በርቷል። ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። እያየኝ ነው።

“እኔ ነኝ አባዬ” አልኩት።

እጁን ዘረጋ፤ ከትከሻዬ ትንሽ አለፍ ብሎ አየሩን ነካ፣ ከዚያ አገኘኝ። ፀጉሬን፣ ጆሮዬን፣ የዝናብ ልብሴን ኮሌታ ዳበሰ።

“እናትሽስ?”

“ትኩሳት ይዟታል። ተኝታለች።”

“ክሩን ታዲያ ማን ያዘው?”

“እኔ።”

አንድ የፊልም ጣሳ ላይ ተቀመጠ። ጣቴን አንስቶ ክሩ የቆረጠውን ቦታ በአውራ ጣቱ አገኘው። “ለማን ነገርሽ?” አለኝ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ለማንም አልነገርኩም።”

“የእኔ ጎበዝ” አለኝ፣ ግንባሬንም ሳመኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ በእኔ አስተሳሰብ ማለት ነው። እማዬም አባዬም አንድ ላይ የሆነ ወንጀል እየሠሩ ነው፤ አሁን እኔም ገብቼበታለሁ፤ መርማሪው ሁላችንንም አንድ ቀን ይይዘናል። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ቤት ስንሄድ እርምጃዬ ቀሎኝ ነበር። የተፈረደብን አብረን ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። በድንጋዩ መንገድ ላይ “እዚህ ጋ ከፍ ያለ ነገር አለ” እያልኩ ነገርኩት፤ ለምን እንደምነግረው ሳልጠይቅ።

እማዬ ተሽሏት ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ አንዳንዴ እሷ፣ አንዳንዴ እኔ ነበርን። አባዬ ፊልሙ ተመልሶ ሌላ፣ ሌላው ተመልሶ ሌላ እስኪመጣ ሠራ። በኋላ እኔ በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተቀጥሬ እያገዝኩት፣ ያንኑ ጎረምሳ ራሱ አስተማረውና በገዛ ፈቃዱ ወጣ። ባለቤቱ ሠራተኛውን ሰብስቦ እንደ እሱ ያለ ዓይን አይገኝም ብሎ አሞገሰው። እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ ነበር።

እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። አሁን ዳር ዳሩንም አያይም። በቀደም ዕለት ያን ፊልም አገኘሁለት፤ አጥበውት፣ ጭረቱን አንድ በአንድ አንስተውለት፣ እንደ መስተዋት ሆኗል። ሶፋው ላይ አስቀምጬው ከፈትኩ። መርማሪው ባርኔጣውን አድርጎ ደረቅ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩለት፣ ጽሑፍ በሌለበት የማየውን ነገርኩት። አባዬ ራሱን ወደ ማሽን ድምፅ እንደሚያዘነብል አዘንብሎ ያዳምጣል። ወደ መጨረሻው ግን እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ባቡር ጣቢያው መጣ። ያን ጊዜ ግማሽ ግማሹን ያነበብኩትን ሁሉ በሙሉ አነበብኩት። ሴትዮዋ ባሏን አስገድላለች፤ ሁለቱ ወንዶች ፖሊሶች ናቸው።

ሙዚቃው ሲቆም አባዬ ነቃ።

“አለቀ?” አለኝ።

“አለቀ።”

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለ። አንገቱን ሰበረ። “ያን ፊልም ያን ሁሉ ጊዜ አጫውቼ መጨረሻውን አላውቀውም። አላየሁት፣ አላነበብኩት። ሰው እንዳልጠይቅ፣ ፊልሙን የሚያሳየው ሰው ምን ሆነ ብሎ ቢጠይቅ ያስታውቅበታል። በኋላም አፈርኩ። እናትሽን ብጠይቃት ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዷት አለችኝ። ማን ናቸው ስላት ‘ወንድሞቿ ናቸው፤ ስታለቅስ አይተው ወደ ቤቷ ሊወስዷት መጥተው ነው፤ በሩን እንዴት አድርገው እንደከፈቱላት ብታይ’ አለችኝ። ያን ጊዜ አመንኳት። አንቺ ታነቢያለሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ እውነት ወንድሞቿ ናቸው?”

ቴሌቪዥኑ ላይ የመጨረሻው ምስል ቆሟል፤ ባዶው ባቡር ጣቢያ፣ ብቻውን የቀረው ሰውዬ። ይህን ነገር አጣርቼ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ገና አሁን ነበር።

“ወንድሞቿ ናቸው” አልኩት።

አባዬ ፈገግ አለ። ግራ እጁን በሶፋው ላይ እየዳበሰ ላከና ጣቴን አገኘው፤ አንዴ ብቻ፣ በቀስታ ሳበው።